አዲስ የመድን ምርት ለምን ይዘገያል? ቴክኖሎጂ የሚያፈጥነውና የማያፈጥነው

የመክፈቻ ጽሑፍ

አዲስ የመድን ምርት ከሐሳብ ተነሥቶ ገበያ እስኪወጣ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ፍላጎቱ ይጠናል፣ የሚሸፈነውና የማይሸፈነው አደጋ ይለያል፣ አክቹዋሪው (የሥጋትና የዋጋ ስሌት ባለሙያው) አረቦኑን፣ ማለትም ገዢው የሚከፍለውን የመድን ዋጋ፣ ያሰላል፣ የሕግ ክፍሉ የውሉን ቃል ይጽፋል፣ ከጠለፋ መድን ሰጪው (መድን ሰጪውን ራሱን ከሚሸፍነው ድርጅት) ጋር ድርድር ይደረጋል፣ ሰነዱ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይቀርባል፣ ምርቱ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ይዋቀራል፤ በመጨረሻም ወኪሎችና ደላሎች ይሠለጥናሉ። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፦ ከዚህ ጊዜ የሚበዛው ሥራ የሚሠራበት ሳይሆን ፋይሉ ከአንዱ ክፍል ጠረጴዛ ወደ ሌላው እስኪሻገር ተራ የሚጠብቅበት ነው። ቴክኖሎጂ የምንገዛው ግን በየክፍሉ ያለውን ሥራ ለማፍጠን ነው፤ በክፍሎች መካከል ያለውን ጥበቃ የሚነካው የለም። በዚህ የማይስማማ ካለ የትኛው ደረጃ በእርግጥ እንደሚዘገይ፣ ለምን እንደሚዘገይና ቢፈጥን ምን እንደሚጎዳ ከሥራው ልምድ ተነሥቶ እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ።

ምላሾቹ ብዙና አንዳንዶቹም ረጃጅም ስለሆኑ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ፍሬ ነገራቸውን በተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የእኔን አስተያየት ባስገባሁበት ቦታ የእኔ መሆኑን ገልጫለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ የመድን ሥርዓቶችን የሚገነቡ የሶፍትዌር መሐንዲስ ናቸው። በአክብሮት ጀምረው በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ ይሁን እንጂ ጥበቃው ራሱ ከሥርዓቱ አሠራር እንደሚመነጭ አስረድተዋል። ብዙ ነባር መድን ሰጪዎች ዛሬም ውሎቻቸውን የሚያስተዳድሩት እ.ኤ.አ. በ1959 በተነደፈው በኮቦል ቋንቋ በተጻፉ ፕሮግራሞች ነው። የምርቱ ደንብ፣ የአረቦኑ ሰንጠረዥና የሽፋኑ ጣሪያ ከፕሮግራሙ መስመሮች ጋር ተቀላቅለው ስለተጻፉ፣ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመውን የጉዳት ድርሻ ለመቀየር እንኳ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ወረፋ መጠበቅ ግድ ይሆናል። መፍትሔ ያሉት የምርቱን መግለጫ ከፕሮግራሙ መለየትን ነው። ሽፋኖች፣ ጣሪያዎች፣ ገደቦችና የዋጋ ደንቦች ራሱን በቻለ የምርት መዝገብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የምርት ባለሙያው በራሱ እጅ ያስተካክላቸዋል፤ የሽያጭ ድረ ገጹም የደላላው ሥርዓትም ከዚያው ከአንዱ መዝገብ በኤፒአይ (ሥርዓቶች እርስ በርስ መረጃ በሚለዋወጡበት መገናኛ) ያነብባሉ። አንድ ጊዜ በሚገባ የተሠራና የተፈተነ የእሳት አደጋ ሽፋን ለመኖሪያ ቤትም ለመጋዘንም መነሻ ሊሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ምርት ከባዶ አይጀምርም።

ምላሽ 2

በአነስተኛ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ አባል ይህን ለማድረግ ነባሩን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ መጣል ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቁ። መሐንዲሱ ወዲያው እንደማያስፈልግ መለሱላቸው፤ አዲሱ ምርት በአዲሱ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ሊጀመርና የሒሳብ መግለጫው ብቻ ወደ ነባሩ ሥርዓት ሊላክ ይችላል።

ምላሽ 3

አንዲት አክቹዋሪ በትሕትና፣ ግን በጽኑ ቃል የመክፈቻውን ሐሳብ አርመዋል። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ባዶ ጥበቃ ነው መባሉን አልተቀበሉትም፤ ከዚያ ጊዜ ከፊሉ ሰው የሚያስብበት ነው ብለዋል። ዋጋ የማውጣቱ ስሌት ዘመን የፈጀበት ጊዜ አልፏል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ኔልደርና ዌደርበርን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት አጠቃላይ መስመራዊ ሞዴል የተባለው የስሌት ዘዴ ዛሬም የአረቦን ስሌት የጀርባ አጥንት ሲሆን፣ አሁን ባለው ኮምፒውተር ሚሊዮን መዝገቦች ላይ በደቂቃዎች ያልቃል። ጊዜውን የሚበላው መረጃውን ማጥራቱ ነው፤ በዚህ ላይ ቴክኖሎጂ በእርግጥ ይረዳል። ለአዲስ ምርት ግን ትልቁ ችግር የሚጠራ መረጃ ራሱ አለመኖሩ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1693 ሰዎች በየዕድሜያቸው የሚሞቱበትን መጠን የሚያሳየውን የሞት ሰንጠረዥ ማዘጋጀት የቻለው የብሬስላው ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ስለነበራት እንደሆነ አስታውሰው፣ ማንም ሸጦት የማያውቀው ሽፋን ግን እንዲህ ያለ መዝገብ እንደሌለው ተናግረዋል።

ምሳሌ አድርገው ያነሡት በአሜሪካ የተሸጠውን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን፣ ማለትም ራሱን መርዳት ላቃተው ሰው የእንክብካቤውን ወጪ የሚከፍለውን ሽፋን ነው። አረቦኑ ሲሰላ ከመድን ገቢዎቹ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ውላቸውን ያቋርጣሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ውላቸውን አጥብቀው ያዙ፣ ረጅም ዕድሜ ኖሩ፣ የወለድ ምጣኔውም ከተገመተው በታች ወረደ። ስሕተቱ የታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ የከፋ የዋጋ ጭማሪ በአረጋውያን ላይ ወደቀ። የትኛውም ሶፍትዌር ይህን ሃያ ዓመት ወደ ሃያ ቀን ሊያሳጥረው እንደማይችል በመግለጽ አበቁ። በእኔ እይታ ይህ ምላሽ ከዚያ በኋላ ለመጣው ክርክር ሁሉ መሠረት ሆኗል፤ የሚፈጥነው ምርቱን የመሥራት ጊዜ እንጂ ምርቱ ትክክል መሆኑን የማወቂያው ጊዜ አይደለም።

ምላሽ 4

የምርት ልማት ኃላፊ የሆኑ አባል በቁጣ መለሱ። አክቹዋሪዎች መረጃ የለም በሚል ምክንያት ሁልጊዜ ያዘገያሉ፤ ምርቱ ካልተሸጠ ደግሞ መረጃው ከየትም አይመጣም ሲሉ ተከራከሩ። የረጅም ጊዜ እንክብካቤውን ምሳሌም አልተቀበሉትም፤ ለዓመት የሚሸጥና በየእድሳቱ ዋጋው ሊስተካከል የሚችል የንብረት ወይም የጉዞ መድን ለሠላሳ ዓመት ከሚቆይ ውል ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን የለበትም። ሐሳባቸው የምርት መዝገቡን ተጠቅሞ በትንሽ መጀመር ነው፦ የሚሸጠው ውል ቁጥርና የሚሸከመው ጠቅላላ ሥጋት አስቀድሞ ተወስኖ፣ የካሳ ጥያቄው በየሳምንቱ እየታየ፣ አረቦኑና ገደቡ ለሚቀጥሉት ገዢዎች እየተስተካከለ ይሄዳል። ንግግራቸው ቢጎረብጥም በአጭር ውልና በረጅም ውል መካከል ያደረጉት ልዩነት ትክክለኛ ነው፤ አክቹዋሪዋም ቆየት ብለው ይህን ነጥብ በአንድ መስመር ተቀብለውታል።

ምላሽ 5

ውል የሚያረቅቁ የሕግ ባለሙያ ውይይቱን ከዋጋ ወደ ቃል አዞሩት። የመድን ምርት ማለት የተጻፈ ቃል ኪዳን ነው፤ ዋጋው ቢሳሳት በእድሳት ይታረማል፣ ቃሉ ቢሳሳት ግን የተሸጡትን ውሎች ሁሉ ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል ብለዋል። የኮቪድ ወረርሽኝ በንግድ መቋረጥ መድን (ሥራው ሲቆም የሚቀርበትን ገቢ በሚተካው ሽፋን) ላይ ያስነሣውን የብሪታንያ ክርክር በዝርዝር አቀረቡ፦ የ8 መድን ሰጪዎች 21 የናሙና ውሎች በፍርድ ቤት ተመርምረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ውሳኔ ሰጠ። በመድን ገቢው የሥራ ግቢ ዙሪያ በ25 ማይል ርቀት ውስጥ በሽታ ሲከሠት ስለሚከፈል ካሳ የሚናገር አንድ አንቀጽ፣ በአገሪቱ ሁሉ ለተስፋፋ ወረርሽኝ ምን ማለት ነው? ከአርቃቂዎቹ ይህን አስቀድሞ የጠየቀ ያለ አይመስልም፤ ፍርድ ቤቱም በዋና ዋና ነጥቦች ለመድን ገቢዎቹ ወሰነ።

ሁለተኛው ምሳሌያቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የደረሰው ኖትፔትያ የተባለው የሳይበር ጥቃት ነው። መርክ የተባለው የመድኃኒት አምራች በንብረት መድኑ ካሳ ሲጠይቅ፣ መድን ሰጪዎቹ ጥቃቱ ከመንግሥት የመጣ ነው በማለት ጦርነትን የማይሸፍነውን አንቀጽ ጠቀሱ፤ የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶች ግን አንቀጹ ለዚህ እንደማይሠራ ወሰኑ። የለንደኑ ሎይድስ የመድን ገበያ ከዚያ በኋላ ለብቻቸው የሚሸጡ የሳይበር ውሎች በመንግሥት የሚደገፉ ጥቃቶችን በግልጽ ቃል ከሽፋኑ እንዲያወጡ ከመጋቢት 31 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገደደ። ስለዚህ፣ አሉ የሕግ ባለሙያው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ውስጥ ሙሉ የውል ረቂቅ ያወጣል ተብሎ የሚነገረው ያስፈራቸዋል። ማሽኑ የሚጽፈው ከዚህ በፊት ከተጻፉት ውሎች ተምሮ ነው፤ አሻሚው ቃልም አብሮ ይወረሳል፣ አቀማመጡ ግን ስለሚያምር አንባቢው ይዘናጋል።

ምላሽ 6

ከውይይቱ ሁሉ ጠንካራው ምላሽ ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ የሥጋት ገምጋሚ (መድን ሰጪው የትኛውን አደጋ እንደሚቀበል የሚወስኑ ባለሙያ) ናቸው፤ የሕግ ባለሙያውን ምሳሌዎች ተቀብለው መደምደሚያቸውን ግን ገለበጡት። እነዚያ አሻሚ ውሎች የተጻፉት በዝግታ ነበር፤ በሰው እጅ፣ በኮሚቴ፣ ከአንዱ ውል ወደ ሌላው እየተገለበጡ። ዝግታው ከስሕተት አላዳናቸውም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ላይ መዋል ያለበት ውል ለመጻፍ ሳይሆን ውል ለመፈተን ነው ብለዋል። የሥጋት ገምጋሚዎች፣ የካሳ ሠራተኞችና ጠበቆች ብዙ የአደጋ ታሪኮችን ያዘጋጃሉ፤ የቋንቋ ሞዴሉ (ጽሑፍ የሚያነብበውና የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እያንዳንዱን ታሪክ ከረቂቁ ጋር አገናኝቶ የትኛው አንቀጽ እንደሚያስከፍል፣ የትኛው እንደሚከለክል፣ የትኞቹ ሁለት አንቀጾች እንደሚጋጩ ያመለክታል፤ ውሳኔው ግን በስሙ በሚፈርም ሰው እጅ ይቆያል። ኩባንያው ቀድሞ የሸጣቸውን ውሎች ሁሉ አንብቦ አንድ ዓይነት አደጋ በስንት የተለያየ ቃል እንደተገለጸ ማሳየትም ሰው ሊወጣው የማይችል፣ ማሽን ግን የሚወጣው ሥራ ነው። የሕግ ባለሙያው ታሪኮቹን የሚያዘጋጀው ሰው ካላሰበው ማሽኑም እንደማያስበው አሳሰቡ፤ በቀረው ተስማሙ።

ምላሽ 7

በቁጥጥር ሥራ ላይ የቆዩ አባል ስለ ፈቃድ አሰጣጥ ጻፉ። በአሜሪካ የየግዛቱ ተቆጣጣሪዎች የአረቦንና የውል ሰነዶችን ሰርፍ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ይቀበላሉ፤ ወረቀቱ በፖስታ ሲመላለስ ይጠፋ የነበረው ጊዜ ቀርቷል። መርማሪው ሰነዱን የሚያነብበት ጊዜ ግን አልቀረም። በአንዳንድ ግዛቶች ሰነዱን አስገብቶ መሸጥ ሲቻል፣ ካሊፎርኒያን በመሳሰሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ መሠረት ለንብረትና ለተሽከርካሪ መድን የአረቦን ለውጥ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ ምርት እንደ ቦታው በተለያየ ፍጥነት ይጓዛል። እሳቸው በሥራቸው ያዩት ትልቁ የመዘግየት ምክንያት የመርማሪው ዝግታ ሳይሆን ጎድሎ የሚቀርብ ማመልከቻ ነው፦ ስሌቱ ከሰንጠረዡ አይገጥምም፣ ሰንጠረዡ ከውሉ አይገጥምም፣ ጥያቄ ይላካል፣ መልሱ ወራት ይፈጃል። ሦስቱ ከአንድ የምርት መዝገብ ቢወጡ ይህ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር በማለት ወደ ምላሽ 1 ጠቁመዋል።

አክለውም ውስብስብ ሞዴል ስሌቱን ቢያፈጥንም ምርመራውን ሊያዘገይ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 መድን ሰጪዎች ከውጭ የሚያመጡት መረጃና አልጎሪዝም ተገቢ ያልሆነ አድልዎ እንዳያደርስ የሚደነግግ ሕግ አውጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሕግም በሕይወትና በጤና መድን ሥጋትን ለመገምገምና ዋጋ ለማውጣት የሚውለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ጋር መድቦታል። ለምን ይህ ሰው ይህን ያህል እንዲከፍል ተጠየቀ ለሚለው መልስ የሌለው ሞዴል ጊዜ አያተርፍም።

ምላሽ 8፣ 9 እና 10

እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። አንድ አባል የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በሰጠው ውሳኔ ከታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ጀምሮ በጾታ ላይ የተመሠረተ አረቦን መከልከሉን አንሥተው፣ ጥንቁቅ ሾፌር ሴቶች ለግዴለሽ ወንዶች እንዲከፍሉ ተደርጓል ሲሉ አማረሩ። ሌላው አባል ይህ ፍትሕን አለማወቅ ነው ብለው ጠንከር ባለ ቃል መለሱ። የ10ኛው ምላሽ ጸሐፊ ሁለቱንም ወደ ፍጥነቱ ጥያቄ መለሷቸው፦ ያን ጊዜ በአንድ ቀነ ገደብ ሁሉንም የዋጋ ሰንጠረዥ መቀየር ግዴታ ሆኖ ነበርና፣ ዋጋውን ከፕሮግራሙ የለየና ያልለየ ድርጅት የሚለያዩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ምላሽ 11

በኢንዴክስ ላይ የተመሠረተ መድን የሚሠሩ አባል ፍጥነት የሚገኘው ምርቱን ራሱን በማቅለል ነው አሉ። የጉዳት ግምት የለም፤ የዝናብ፣ የነፋስ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ገንዘቡ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የካሪቢያን አገሮች የአደጋ መድን ተቋም ከ2010ሩ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለሄይቲ መንግሥት 7.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ14 ቀናት ውስጥ መክፈሉን ጠቅሰዋል። ሞዴሉና የሳተላይት መረጃው አንድ ጊዜ ከተዘጋጁ ለሌላ አካባቢ የሚሆን ምርት ማውጣት ቀላል ነው የሚል እምነት አላቸው።

ምላሽ 12

ቀላል ነው መባሉን በግብርና መድን የሠሩ ሌላ አባል አልተቀበሉትም። የማላዊን ጉዳይ አቀረቡ፦ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ለ2015/16 የምርት ዘመን አፍሪካ ሪስክ ካፓሲቲ በተባለው የአፍሪካ አገሮች የአደጋ መድን ተቋም በኩል የድርቅ መድን ገዝታ ነበር። ድርቁ ደረሰ፣ መንግሥት የአደጋ ጊዜ አወጀ፣ ሞዴሉ ግን ክፍያ የሚያስገኝ ጉዳት የለም አለ። ሲመረመር፣ ሞዴሉ የታሰበው ለመድረስ ረጅም ጊዜ በሚወስድ የበቆሎ ዝርያ ሲሆን ገበሬዎቹ በብዛት የዘሩት ፈጥኖ የሚደርሰውን ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ዝናቡ የጠፋበት ወቅት ለአንዱ ዝርያ የማይጎዳ፣ ለሌላው ገዳይ ነበር። ከክለሳ በኋላ 8.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተወሰነ፤ ገንዘቡ የደረሰው ግን ረሃቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ሳተላይቱ አልተሳሳተም፣ ስሌቱም አልተሳሳተም፤ የጎደለው ገበሬው ምን እንደዘራ ሄዶ መጠየቅ ነበር። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ከምርት ልማቱ ደረጃዎች ለመቀነስ የሚሞክር ማንኛውንም መሣሪያ እንደማይቀበሉ በግልጽ ጽፈዋል፤ እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የ11ኛው ምላሽ ጸሐፊም ሞዴሉ ሲዘጋጅ የመስክ ጥናቱ በየምርት ዘመኑ መታደስ እንዳለበት አምነዋል።

ምላሽ 13

አጭር ምላሽ ናት። የፈረንሳዩ መድን ሰጪ አክሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ፊዚ የተባለ የበረራ መዘግየት መድን በኢቴሪየም ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚያዝ የጋራ መዝገብ) ላይ አውጥቶ፣ በረራው ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲዘገይ ካሳው ያለ ጥያቄ እንዲከፈል አድርጎ ነበር። ቴክኖሎጂው ሠርቷል፤ ምርቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ተቋረጠ። ጸሐፊው የሚሸጥበት መንገድ ሳይዘጋጅ የተፋጠነ ምርት ቶሎ የሚያልቀው ግንባታው ብቻ ነው ይላሉ።

ምላሽ 14

የመጀመሪያው መላሽ መሐንዲስ ተመልሰው፣ ከእሳቸው በስተቀር ማንም ያላነሣውን ጉዳይ አነሡ። ምርት ማውጣት በቀለለ ቁጥር የምርት ቅጂዎች ይበዛሉ፤ የተሸጠ ውል ደግሞ የሚኖረው በተሸጠበት ቀን በነበረው ደንብ ነው። በሕይወት መድን ይህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የተቀየረ ምርት ለሚመጣው ትውልድ ብዙ የተለያዩ ውሎችን ያወርሳል። ስለዚህ መዝገቡ እያንዳንዱን ለውጥ ከቀኑ፣ ካጸደቀው ሰውና ከተፈቀደበት ሰነድ ጋር መያዝ አለበት፤ አንድ ሰንጠረዥ ሲነካ የድሮ ውሎች አረቦን አለመለወጡን በራስ ሰር የሚያረጋግጥ ፈተናም ያስፈልጋል። ምላሽ 4ን በመጥቀስ፣ በየሳምንቱ ዋጋ መቀየር ያለዚህ ፈተና አደገኛ መሆኑን አስገንዝበዋል።

ምላሽ 15

ይህ ምላሽ ከሁሉ የመረረ ነው፤ ምሬቱም ተገቢ ነው። ጸሐፊዋ ለብዙ ዓመታት የካሳ ጥያቄ ያስተናገዱ ባለሙያ ሲሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ከጻፉት ብዙዎቹ የካሳ ክፍሉን ከደረጃዎቹ ውስጥ አለመጥቀሳቸውን አስተዋሉ፤ የእኔ የመክፈቻ ዝርዝርም ጭምር አይጠቅሰውም። ለሽያጭ ማፍጠኛ ተብሎ የጥያቄ ቅጹ ያጥራል፤ የሞባይል ስልክ መድን ገዢው የስልኩን መለያ ቁጥር ሳይጠየቅ ይሸጥለታል፤ አደጋው ሲደርስ ግን የጠፋው ስልክ የተሸፈነው ስልክ መሆኑን ማረጋገጫ አይገኝም። በሽያጭ ቀን የተረፈው ደቂቃ በካሳ ቀን ለሳምንታት ይመለሳል፤ የሚጠብቀውም ጉዳት የደረሰበት ሰው ነው። የምርት ልማት ኃላፊው ፍጥነት የሚሉት የማንን ጊዜ እንደሆነ እንዲነግሯቸው ጠየቁ።

ምላሽ 16

ኃላፊው በዚህ ጊዜ ያለ ቁጣ መለሱ። በቅጹ ላይ የትኞቹ ጥያቄዎች ፈጽሞ ሊቀነሱ እንደማይገባ ጠየቁ። ባለሙያዋም የተሸፈነውን ነገር ለይቶ የሚያሳውቀው ቁጥር፣ ዋጋው የተገመተበት መንገድና ቀን፣ ገዢው ያነበበው የውል ቅጂ ቁጥር እንዲሁም ካሳው የሚላክበት ሒሳብ መሆናቸውን ዘረዘሩ። ከዚያም የካሳ ክፍሉ ረቂቁን እንዲያየው የሚደረገው ዋጋው ከመሰላቱ በፊት እንጂ ሥርዓቱ ላይ ከተጫነ በኋላ መሆን እንደሌለበት ጨምረው ጻፉ።

ምላሽ 17

የመጨረሻው ምላሽ ከጠለፋ መድን ባለሙያ የመጣ ነው። ነባሩ የጠለፋ መድን ስምምነት አዲሱን ምርት ይሸፍን እንደሆነ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ሁሉም ካለቀ በኋላ መሆኑን ገልጸው፣ ስምምነቱ የሚታደሰው በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ያ አንድ ጥያቄ ዘግይቶ ሲቀርብ ምርቱን ለወራት ሊያቆመው እንደሚችል አስረዱ። ምላሽ 15ን በመደገፍ፣ ረቂቁ በምርት መዝገቡ ላይ በተከፈተበት በዚያው ቀን የካሳ ክፍሉም የጠለፋ መድን ሰጪውም እንዲያዩት ፈቃድ እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀረቡ። እያንዳንዱ ክፍል ፋይሉን የተቀበለበትና ያስተላለፈበት ቀን በዚያው መዝገብ ላይ በራሱ እንዲመዘገብም ጠይቀዋል። ይህ ከተደረገ ሥራው የፈጀው ጊዜና ጥበቃው የፈጀው ጊዜ ለየብቻ ይታያሉ፤ በመክፈቻው የቀረበው አቋም በየትኛው ድርጅት እውነት እንደሆነና በየትኛው እንዳልሆነ መለየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።